የወጋየሁ መርዶ

«እንዳይሰጧት ያልኩት እኔው ነኝ» አለች ገበያነሽ።

አማከለች ቡታጋዙን ልትለኩስ ክብሪት ፍለጋ ከማድ ቤት ወጥታ ነበር። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ጎረቤታቸው ዘነቡ አለች፤ ሁለቱ ሴቶች ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ሽንቁር ሳያወሩ ሥራ አይጀምሩም። ዘነቡ «በማርያም! የገዛ ልጅሽን?» ስትል ገበያነሽ የቅቤ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ረጋ ብላ መለሰች። «ደብዳቤው ከቀበሌ ወጥቶ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሲደርስ የቤተሰቡ መዝገብ አብሮ ይታያል አለኝ በኃይሉ። መዝገቡ ከታየ ደግሞ ወንዱ ልጅ የት ገባ መባሉ አይቀርም። ሴት ልጅ ሐኪም ባትሆን አትሞትም። እሱ ግን ከወሰዱት ይሞትብኛል።»

አማከለች ክብሪቱን ረሳችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀበሌ ስትመላለስ ሊቀመንበሩ በኃይሉ አንዴ ስብሰባ አለብኝ፣ አንዴ ጸሐፊው ታሟል፣ አንዴ ደግሞ «ምን አስቸኮለሽ? ሕመምተኛው የትም አይሄድብሽም» እያለ ሲመልሳት፣ ማታ ቤት ስትገባ «ዛሬስ ምን አሉሽ?» ብላ የምትጠይቃት እናቷ ነበረች። ጠይቃም ከንፈሯን ትመጥላት ነበር። ውጭ አገር ሄዶ ሕክምና ለመማር የሚጠየቀው ሁሉ ተሟልቷል። የማትሪክ ውጤቷ ከበቂ በላይ ነው። ለጉርድ ፎቶግራፉ፣ ለሳንባው ራጅ፣ ለደም ምርመራው፣ ለማስተርጎሚያው፣ ለቴምብሩ የከፈለችው ክረምቱን ሙሉ ዳንቴል እየሠራች ሸጣ ነው፤ ዐይኗ እስኪቀላ። ዋስ ያስፈልጋል ሲባል ቀለም ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤታቸው ሁንዴሳ «ደመወዜን ያሲዙ፤ ስትመለሺ ወገቤን ታዪልኛለሽ» ብሎ ሳያቅማማ ፈርሟል። ባዳ እንዲህ ፈረመላት። የቀረው ቤተሰቡ ከአብዮቱ ጋር ነው የምትል አንዲት የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ነበረች። ምዝገባው የሚያበቃው ነገ ነው።

ወደ ቤት ገባች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። በፊተኛው ክፍል ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የብረት አልጋ፣ እናቷ የምትሸጥባቸው የቅቤ ቅሎችና የሟች አባቷ ፎቶግራፍ አለ። ጓዳው በመጋረጃ ይለያል። ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ ተወጥሯል፤ ድሮ ነጭ ነበር፣ አሁን የጭስና የአቧራ ካርታ ሆኗል። በጓዳው በኩል ጥጉ ተተርትሯል። በር በተንኳኳ ቁጥር ወንድሟ ወጋየሁ ሣጥኑ ላይ ይቆምና በዚያ በተተረተረው በኩል ሽቅብ ገብቶ ወራጁ ላይ በተደረደሩት ጣውላዎች ላይ ይጋደማል። የብሔራዊ ውትድርናው ጥሪ ከወጣ ወዲህ ኑሮው ይኸው ነው። ከዘነቡ በስተቀር ጎረቤቱ ሁሉ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር እንደሄደ ተነግሮታል። በኃይሉ ግን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም የበኃይሉ ቤት ቅቤ አልቆበት አያውቅም። ወጋየሁ ሽንት ቤት መውጣት ስለማይችል በባልዲ ይጠቀማል። ባልዲውን በየማለዳው በነጠላዋ ሸፍና ወስዳ የምትደፋው አማከለች ናት።

ወጋየሁ ጓዳው ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ለብቻው ካርታ ይጫወታል። ከእሱ አጠገብ ትናንት ማታ እናቷ «አልቋል» ያለቻት የሥጋ ወጥ ትራፊ በሳህን አለ። አማከለች መጋረጃውን ገልጣ ቆመች።

«ምን ታፈጪያለሽ? ባልዲውን ውሰጂው እንጂ፤ ሸተተኝ» አላት።

«ታውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«እማዬ ደብዳቤዬን እንዳስከለከለች።»

ካርታውን ገለበጠ። ሌላ ካርታ ሳበ። እሱንም ገለበጠ። ቀና ብሎ ሳያያት «ታዲያ እኔ ልሙትልሽ?» አላት።

እናቷ ከውጭ ገባች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቅቤ መስፈሪያ ጣሳዋን አንስታ፣ «ዛሬም ቀበሌ ልትሄጂ ነው? እግርሽ አለቀ እኮ» አለች በሐዘኔታ። አማከለች አየቻት። ያን ሁሉ ዓመት የኖረችበት ፊት ነው፤ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ የቀኝ ጆሮዋ የተቀደደ ጉትቻ መሰኪያ፣ ሁሉም በቦታው አለ። «አዎ፣ እሄዳለሁ» አለች። ባልዲውን ሳትደፋው ወጣች።

መንገድ ላይ በጭነት መኪኖቹ ጭስ መሀል ስትሄድ የምትለውን አሰናዳች። ብዙ ነገር አያስፈልግም ነበር። «ኮርኒሱ ላይ ነው» ማለት ብቻ ይበቃል። ቀበሌው ስትደርስ ለበኃይሉ ሳይሆን፣ ለበኃይሉ አለቃ ትናገራለች። እሱም ከነቅቤው እስር ቤት ይገባል። ከፋብሪካው በሚመጣው የቀለም ሽታ ራሷን እያመማት፣ ስኳር በካርድ ለመግዛት የተሰለፉትን ሴቶች አልፋ ስትሄድ አንዷ «የገበያነሽ ልጅ፣ ሐኪሟ!» ብላ ጠራቻት። ሌሎቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ለሷ ግን ጆሮዋ ውስጥ እንደ ጠጠር ገባ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የተወረሰ የነጋዴ ቤት ነው። ሳሎኑ የሊቀመንበሩ ቢሮ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ ጢማሞቹ የውጭ አገር ሰዎች ከነክፈፋቸው ተሰቅለዋል፣ እሳት ማንደጃው ውስጥ ደግሞ ለሰልፍ የሚወጡ ባንዲራዎች ከነዘንጋቸው ተከምረዋል። በኃይሉ ዛሬ በወንበሩ ላይ አልነበረም። በወንበሩ ላይ ካኪ የለበሰች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ተቀምጣለች። ጓድ አስቴር ይሏታል። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ለአዲሱ ዙር ምልመላ የመጣች ናት። በኃይሉ ከጎኗ ቆሞ መዝገብ ይገልጥላታል፤ አማከለችን ሲያይ በእጁ ሂጂ አላት፤ እሷ ግን ገብታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ምንድን ነው የፈለገችው?» አለች አስቴር።

«የድጋፍ ደብዳቤ ናት፣ ጓድ። ሌላ ቀን ትመጣለች» አለ በኃይሉ።

«ሌላ ቀን የለም። ሕክምና ልማር ነው፤ ምዝገባው ነገ ያበቃል» አለች አማከለች።

አስቴር ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ስሟን ጠየቀች፣ የእናቷን ስም ጠየቀች፣ መዝገቡን ወደ ራሷ ስባ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ወጋየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት። ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር የሄደ።» ጣቷ እዚያው ላይ ቆመ። «ጥሪ ሲወጣ የዚህ ቀበሌ ወንድ ሁሉ ሥራ ያምረዋል ልበል? የት ክፍለ ሀገር ነው ያለው ወንድምሽ?»

በኃይሉ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ አማከለች አየች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ኮርኒሱ ላይ ነው። ወታደሮች ጣራውን ሲያፈርሱ ታያት፣ ወንድሟ እግሩን ተይዞ ሲወርድ ታያት፣ እናቷ ስትጮህም ታየቻት፤ እስከዚህ ድረስ ያየችው ሁሉ ደስ አሰኝቷት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ግን ማየት አቃታት። አፏን ከፈተች።

«ሞቷል» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በኃይሉ በእጁ የያዘውን ማኅተም ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«መቼ?» አለች አስቴር።

«ባለፈው ወር። ወልቂጤ አጎታችን ዘንድ፣ በወባ። እዚያው ተቀበረ።»

«እናንተ ቤት ሰው ሲሞት ልቅሶ የለም እንዴ?»

«እናቴ አልተረዳችም። ደም ብዛት አለባት። መርዶውን ፈርተን አቆየነው።»

አስቴር ወደ በኃይሉ ዞረች። በኃይሉ ውሸቱን ያውቃል፤ ውሸት ነው ካለ ግን ወጋየሁ እስከዛሬ የት እንደነበር ሊናገር ነው። ግንባሩን በእጁ ጠረገ። «እኔም... እኔም ሰምቼ ነበር፣ ጓድ። ለእናቲቱ ብለን ነው እንጂ መዝገቡን ማስተካከል ነበረብን» አለ። አስቴር ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው፤ ሁለቱም ዐይናቸውን አልሰበሩም።

«እንግዲያው ዛሬ ትረዳ» አለች ተነሥታ ቆቧን እያደረገች። «ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይታያል። እኔም ልቅሶ እደርሳለሁ። አንቺ ከጎኔ እንዳትለዪ።»

የእድሩ ዳኛ አቶ አብዶ ከሱቃቸው ተጠርተው መጡ። መርዶ በማለዳ እንጂ ፀሐይ አናት ላይ ሆና አይነገርም ብለው ሊከራከሩ ሞክረው ነበር፤ አስቴር «ያረጀ ልማድ ነው» ብላ ዘጋቻቸው። ወጋየሁን በልጅነቱ ከሱቃቸው ደጃፍ ከረሜላ ሲሰርቅ ይይዙት የነበሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ቆባቸውን አውልቀው «ኢና ሊላሂ» አሉና በመሐረባቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። አማከለች የሳቸውን እንባ እንዳታይ ወደ አስፋልቱ ዞረች። መንገዱን ሁሉ አስቴር ክንዷን ይዛት ነበር። ቀድሞ ሄዶ የሚነግር ማንም የለም። እናቷ አንዲት ቃል ብትሳሳት፣ አንድ ጊዜ ሽቅብ ብታይ፣ እሷም እናቷም ወንድሟም ያልቃሉ። ሰፈር ሲደርሱ ዘነቡም ከበሯ ላይ ተጠራች፤ የማን መርዶ እንደሆነ ስትሰማ አፏ ተከፍቶ ቀረ፤ አስቴር ስታያት ግን ቶሎ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

በሩ ተንኳኳ። ከውስጥ የሣጥን ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። ገበያነሽ እጇ ቅቤ እንደሆነ ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው የአስቴርን ካኪ ነበር፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ቀጥላ በኃይሉን፣ አብዶን፣ ዘነቡን፣ በመጨረሻ ልጇን አየች። የመጡት ለወንዱ ልጇ እንደሆነ ገብቷታል፤ ልትወስዱት አትችሉም እንደሚል ሰው ሁለት እጇን በበሩ መቃን ላይ ዘረጋች። አብዶ ግን በቀስታ እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧትና አግዳሚው ላይ አስቀመጧት።

«ገበያነሽ፣ ሁላችንም ሟች ነን» አሉ። «አላህ የሰጠውን ይወስዳል። አንቺ ጠንካራ ሴት ነሽ፤ ባልሽን ቀብረሽ ልጆች ያሳደግሽ...»

«ማን ነው?» አለች ገበያነሽ።

«ወጋየሁ ነው፣ ልጄ። ወልቂጤ፣ በወባ።»

የገበያነሽ ዐይን ወደ ጓዳው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። መንገዱን ግማሽ ያህል ሄደ። ዐይኑ እዚያ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ክፍሉን አቋርጦ መጥቶ እሷ ላይ አረፈ። እናትና ልጅ ተያዩ። በዚያች ቅጽበት ገበያነሽ ሁሉንም አወቀች፤ ጠዋት ከአጥሩ ወዲህ ማን ቆሞ እንደነበርም ጭምር። አስቴር አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትመለከታለች። በኃይሉ መሬት መሬት ያያል። አብዶ የእናቲቱን ቅቤ የነካ እጅ እንደያዙ ናቸው። ያ ዝምታ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር።

ገበያነሽ ጮኸች። አማከለች አባቷ ሲሞት እንኳ እንዲህ ያለ ጩኸት ከእናቷ ሰምታ አታውቅም። ቀሚሷን ከደረቷ ቀደደችው። በዚህ መሀል ከበላያቸው ጣውላ ተንቀጫቀጨና ከኮርኒሱ አቧራ ረገፈ፤ የረገፈው አስቴር ትከሻ ላይ ነው። አስቴር ቀና አለች። ዘነቡ «ይህ አይጥ ደግሞ! ሰው ሞቶም ዕረፍት የለው!» ብላ ደረቷን እየመታች መሀል ገባች፤ ገበያነሽም አግዳሚውን ለቅቃ መሬት ላይ ተጣለች፣ በአስቴር እግር ሥር። ተንበርክካ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ዐይኗን ልጇ ላይ ተክላ ሙሾዋን አወጣች።

«ሐኪም ድረስ ብዬ ስጮህ ለልጄ፣
ገዳይ ሐኪም ሆኖ ወጣ ከደጄ።»

ጩኸቱን ሰምተው የገቡት ሴቶች ግጥሙን ተቀበሏት። የወልቂጤ ሐኪም ገደለባት አሉ፣ የገጠር ሐኪም ምን ያውቃል አሉ፤ አለቀሱ። አማከለችም ከመሀላቸው ቆማ ደረቷን እየመታች ተቀበለች። ገዳይ ሐኪም ሆኖ ወጣ ከደጄ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። የእናቷ እንባ እውነተኛ እንደሆነ ግን አየች፤ ዛሬ መርዶው የተነገረ ልጅ ነገ ከኮርኒስ ወርዶ መታወቂያ አያወጣም፣ ሥራ አይቀጠርም፣ በስሙ ሚስት አያገባም። ጦርነቱ ቢያልቅ እንኳ የሚወርድበት አገር የለውም። ገበያነሽ ይህንን ከሷ ቀድማ ተረድታዋለች።

አስቴር ቆቧን አወለቀች። የቀረች ጥርጣሬ ብትኖርም ያ ለቅሶ አጠባት። ትከሻዋ ላይ ያለውን አቧራ ሳታራግፍ በኃይሉን ወደ በሩ ጠራችውና «መዝገቡን አስተካክል። ለልጅቷም ጻፍላት» አለች። ስትወጣ ለአማከለች «እናትሽን አደራ» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። አልጋው ወጣ፣ ሁንዴሳ ከእድር ቤት አግዳሚዎች ተሸክሞ መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ቅሎቹ ወደ ጓዳው ተገፍተው ማንም እንዳይገባ ዘነቡ መጋረጃው ሥር ተቀመጠች፤ ሰው በገባ ቁጥርም ከሁሉ አብልጣ ታለቅሳለች። ከላይ ድምፅ የለም። ወጋየሁ እዚያ ጣውላ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ማስነጠስ ሳይችል፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ ስለሱ የሚለውን እየሰማ ነው፤ ደግ ነበር፣ አንገቱን የሚደፋ፣ ለእናቱ የሚታዘዝ። አማከለች ንፍሮ እያዞረች አንድ ጊዜ ሽቅብ አየች። ኮርኒሱ መሀል ላይ ትንሽ ረግቦ ነበር። ልታዝንለት ፈለገች፤ ትዝ ያላት ግን ያልደፋችው ባልዲ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። በሰው መሀል «እግዜር ያጽናሽ፤ እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወጡ ራሱም ደንግጦ ሄደ። ማኅተሙን አይታ በቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። ገበያነሽ ከተቀመጠችበት ሆና ታያት ነበር።

«መቀስ አምጡልኝ» አለች ገበያነሽ። ድምጿ ተዘግቷል።

«ተይ እንጂ፣ ዛሬ ይበቃሻል» አሏት ሴቶቹ።

«እህቱ አይደለችም? ፀጉሯን ይዛ ነው እንዴ ወንድሟን የምትቀብር?»

ወጉ ነው። አማከለች ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገችውን ጉንጉን ፈትታ እናቷ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ለምዝገባው ያስነሣችው ፎቶግራፍ ላይ ይህ ጉንጉን በትከሻዋ ወርዶ ይታያል። መቀሱ የቅቤ ጨርቅ የሚቆረጥበት ዶልዱም ነው፤ ከመቁረጥ ይልቅ ይነጫል። ገበያነሽ በግራ እጇ ፀጉሩን እየጨበጠች፣ በቀኟ እየቆረጠች፣ የቆረጠችውን ጉልበቷ አጠገብ ትጥላለች። አማከለች ዐይኗን ጨፈነች። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። አብዶ ከበሩ አጠገብ ሆነው «ሰልስቱ እስኪወጣ ሁለታችሁም ከቤት አትውጡ፤ ሰፈሩ አለላችሁ» አሉ።

«እሷ ነገ ትሄዳለች» አለች ገበያነሽ ጮክ ብላ።

ሰዉ ዞሮ አያት።

«የመንግሥት ጥሪ ነው። ወንድሟ ሞተ ብሎ መንግሥት አይጠብቃትም። በጠዋት ትሄዳለች።»

«ምን ያለች አንጀተ ጠንካራ እናት ናት» አለች አንዲት ሴት። ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ወሬው ወደ ሌላ ልጅ፣ ወደ ሌላ ዘመቻ ሄደ። ገበያነሽ ጎንበስ አለች። ትንፋሿ አማከለች ጆሮ ላይ ሞቀ፤ እንባና ቅቤ ይሸታል።

«ስንት ዓመት ነው ትምህርቱ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ከቋንቋው ጋር ሰባት።»

መቀሱ ቆመ። ገበያነሽ የሆነ ነገር የምታሰላ መሰለች።

«ሰባት ዓመት ላለመተያየት ይበቃል» አለች። ከዚያም የልጇን ራስ በመዳፏ ወደ ፊት ገፋ አድርጋ፣ ከማጅራቷ በኩል የቀረውን መቁረጥ ጀመረች።